የተንታኙ ዘንቢል

አንድ የዜና ተንታኝ በአንዲት የገበያ ከተማ ይኖር ነበር። ስሙ አቶ ጓንጉል ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ገበያው ከመድመቁ በፊት፣ እህል በረንዳው ደረጃ ላይ ይወጣና ማይኩን ጨብጦ የሳምንቱን ወሬ ለሕዝቡ ይፈታዋል። ዶላር ምን ሆነ፣ ነዳጅ ለምን ዘገየ፣ ምክር ቤቱ ምን አጸደቀ፣ ወደብ ላይ ምን ተፈጠረ፤ ሁሉንም ገበሬውም ነጋዴውም በሚገባው ቋንቋ ያስረዳል። ሲናገር አይታክተውም፣ ሰሚውም አይሰለቸውም።

የከተማው ሕዝብ ይወደው ነበር። አንዲት ዶሮ ይዞ የመጣ ገበሬ እንኳ፣ «ቆይ እስቲ፣ አቶ ጓንጉል ዶላሩን ምን ይሉታል?» ሳይል ዶሮዋን አይሸጥም። ዶሮዋና ዶላሩ በምን እንደሚገናኙ እግዜር ይወቅ! ግን ሰው ከሚያደናግረው ዓለም ትንሽ ነገር ሲገባው ደስ ይለዋል። ለዚህም ያመሰግኑታል፤ ሻይ ቤት ሲገባ ወንበር የሚለቅለት ብዙ ነው።

አቶ ጓንጉል ግን አንድ ነገር አያውቅም ነበር። ንግግሩ አልቆ ሕዝቡ ሲበተን የገበያው ሴቶች ዓይናቸውን ከእሱ ላይ ያነሱና ሚስቱ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ላይ ይጥላሉ። ዛሬ ምን ገዛች? ዘንቢሏ ከብዷል ወይስ ቀሏል? ከከበደ እነሱም ከበድ አድርገው ይገዛሉ፤ ከቀለለ ተረጋግተው ቤታቸው ይገባሉ። ወሬውን ከባልየው ይሰማሉ፣ ምክሩን ከዘንቢሉ ይወስዳሉ። ማንም ጮክ ብሎ አያወራውም እንጂ በዚያ ከተማ የቆየ ልማድ ነው።

በዚያው ከተማ፣ መናኸሪያው በር ላይ ሳምቡሳ እየጠበሰች የምታድር ይታይሽ የምትባል ሴት ነበረች። ባሏ ሞቶባታል። ልጆቿንም የታመመች እናቷንም የምታሳድረው በዚያች መጥበሻ ነው። መናኸሪያው በር ላይ ቦታ ማግኘት ደግሞ እንዲህ ቀላል አይደለም። ጠባሾቹ የራሳቸው ደንብ አላቸው፤ ሳምንቱን ሙሉ እሳት ያልነደደበት ቦታ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቀትር ላይ ተራ ለሚጠብቅ ሰው ይሰጣል። ማልቀስ የለም፣ አማላጅ መላክ የለም። ደንቡ ክፉ አይደለም፤ ይታይሽ ራሷ ቦታውን ያገኘችው በዚሁ ደንብ ነበር።

አንድ ሰሞን ታዲያ አዲስ የቀረጥ መመሪያ ወጣና ዘይት የጫኑ መኪኖች ኬላ ላይ ቆሙ የሚል ዜና መጣ። ቅዳሜ ሲደርስ አቶ ጓንጉል እንደ ልማዱ ደረጃው ላይ ወጣ።

«ወገኖቼ!» አለ። «ነገሩ የወረቀት ነገር ነው፤ በሳምንት ይፈታል። ከተማ ውስጥ ያለው ዘይት እስከዚያ ይበቃናል። አደራችሁን፣ እንዳትሻሙ!»

ሕዝቡ አጨበጨበለት። ያለውንም ከልቡ ነበር ያለው። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ሰውየው ውሸታም አይደለም። ብቻ የዚያን ዕለት ጠዋት ከቤት ሲወጣ በር ላይ ቆም ብሎ፣ «ጥሩዬ፣ ለማንኛውም ትንሽ ዘይት ያዝ አድርጊ» ብሏት ነበር።

ለማንኛውም! ይቺን ቃል የማያውቅ ቤት የት ይገኛል? ወይዘሮ ጥሩአየሁ «ትንሽ» የሚለውን በራሷ መንገድ ተረጎመችውና ሦስት ትልልቅ ጀሪካን ገዝታ፣ በእጅ ጋሪ አስጭና በገበያው መሃል አለፈች።

የሆነውን ልንገራችሁ። ጋሪው እህል በረንዳውን ሳያልፍ ሽንኩርት ነጋዴዋ ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ አደራ ብላ ተነሳች። ቅቤ ሻጯ ተከተለቻት። ዶሮ የያዘው ገበሬ ዶሮዋን ባገኘው ዋጋ ሸጦ ወደ ዘይት ሱቅ ሮጠ። ቤቱ ዘይት ያለው ሰው ሌላ ጨመረ፤ የጨመረው ደግሞ ለእህቱ ገዛ። የከተማው ትልቁ ዘይት ነጋዴ ሐጂ ሙዘሚል ግርግሩን ሲያዩ የቀረውን ዘይት ወደ ጓዳ አስገቡና «አልቋል» አሉ። ክፉ ሆነው አይደለም። ይህን ሸጬ ሌላ ባላገኝ ሱቄ ምን ይውጠዋል ብለው ፈርተው ነው።

አቶ ጓንጉል ይህን ሲሰማ ጨሰ። «ይሄ ሕዝብ ጆሮ የለውም እንዴ? በአማርኛ እኮ ነው የነገርኳቸው!» አለ። ከዚያ በየሻይ ቤቱ እየዞረ ዘይት አለ፣ አትሸበሩ ይል ጀመር። ሰው ሁሉ በአክብሮት ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነዎት አቶ ጓንጉል፣ እውነትዎን ነው» ይለዋል። ይልና ከሻይ ቤቱ ወጥቶ፣ ደግሞ ሳሙናም እንዳያልቅ ብሎ ሊገዛ ይሄዳል።

ይታይሽ ሰው ዘይት ሲሻማ መጥበሻዋ ላይ ነበረች። ሥራዋን ጥላ ብትሮጥም አልደረሰችም። የነበራት የዚያኑ ዕለት ማታ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ እሳቷ ጠፋ። አጠገቧ ያሉት ጠባሾች ለራሳቸው የያዙትን ለማካፈል ፈሩ። ሐጂ ሙዘሚል ዘንድ ሄደች፣ አልቋል አሏት። ሳምንቱ ሊጋመስ ሲል ተራ የምትጠብቀው ሴት ሰላምታ አሳብባ መጣችና ቦታውን በዓይኗ ለካችው። ይታይሽ አልተቆጣቻትም። እሷም ዱሮ የሌላ ሰው ቦታ እንዲሁ ቆማ ለክታለች።

አርብ ከሰዓት በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ አቶ ጓንጉል ቤት ሄደች። ባልና ሚስቱ ሳሎን ተቀምጠው ነበር።

«ይቅርታ አቶ ጓንጉል፣ ዘይት ልለምን አይደለም የመጣሁት» አለች። «እውነቱን ይንገሩኝ ብዬ ነው። መኪኖቹ ይመጣሉ አይመጡም? የሚመጡ ከሆነ ጠባሾቹን እግራቸው ላይ ወድቄ ጊዜ እለምናለሁ። የማይመጡ ከሆነ ነገ ቦታዬን ላስረክብና ልብስ አጠባ ልግባ። ልጆቼ ጦማቸውን ሊያድሩብኝ ነው።»

«ይመጣሉ አልኩ እኮ!» አለ አቶ ጓንጉል። «በአደባባይ ተናገርኩ፣ በየሻይ ቤቱ ተናገርኩ። ምን ባደርግ ነው የምታምኑኝ?»

ሳታስበው የይታይሽ ዓይን በሩ ጥግ ወደተደረደሩት ሦስት ጀሪካኖች ሄደ፤ ወዲያው አፈረችና መሬት መሬት አየች። አቶ ጓንጉል ግን ዓይኗን ተከትሎ አይቶ ነበር።

«እሱማ...» አለ። «እሱማ ለማንኛውም ብለን ነው።»

«እኛም እኮ ለማንኛውም ብለን ነው» አለች ይታይሽ ቀስ ብላ። «ጋሪው ሲያልፍ አይቼ እኔም ሮጬ ነበር። ደርሼ ቢሆን ኖሮ እንደ ሰው ሁሉ የቻልኩትን ያህል እሸከም ነበር፣ ምን እዋሻለሁ?»

«የእኔ ቤት ጀሪካንና የአገር ኢኮኖሚ ምን አገናኘው?» ብሎ አቶ ጓንጉል ሊቆጣ ሲል፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁ ብድግ አለች።

«ኧረ ተው ጓንጉል!» አለች። «ሰው እኔን እያየ እንደሚገዛ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ስኳር የገዛሁ ዕለት ስኳር ይጠፋል። ብነግርህ ትስቅብኛለህ ብዬ ዝም አልኩ። አንተ ደረጃ ላይ ቆመህ አትሻሙ ትላለህ፤ እኔ ደግሞ ከኋላህ በጋሪ ‹አትስሙት› እያልኩ አልፋለሁ። ታዲያ ሰው ማንን ይመን?»

አቶ ጓንጉል ፊቱ ደም መሰለ። ለካ ያን ሁሉ ዓመት ሁለት ሆነው ሲናገሩ ኖረዋል! ተነሳና አንዱን ጀሪካን ወደ ይታይሽ ገፋ አደረገ።

«እንቺ፣ ዛሬውኑ ይዘሽ ሂጂ» አላት።

የይታይሽ እጅ ተዘረጋ። ወይዘሮ ጥሩአየሁ ግን ክንዷን ያዘቻት።

«በሞቴ ይታይሽ፣ እስከ ነገ ጠዋት ታገሽኝ» አለቻት። «አሁን በጓሮ በር ብንሰጥሽ ያንቺ እሳት ይነዳል፤ የከተማው ሰው ግን እንደፈራ ነው፣ ነገ ከነገ ወዲያ አንቺም መልሰሽ ታጪያለሽ። ዘይቱ በመጣበት መንገድ፣ ሰው ሁሉ እያየው ይመለስ።»

ይታይሽ የልጆቿ ፊት መጣባት። ነገ ቀትር ላይ ቦታው የሌላ ሰው ነው። ቢሆንም የወይዘሮ ጥሩአየሁን ዓይን አየችና «እሺ» ብላ ባዶ እጇን ወጣች።

በማግስቱ ገበያው ሞቅ ሲል አቶ ጓንጉል ብቅ አለ። ወደ ደረጃው አልሄደም፣ ማይክም አልያዘም። ሦስቱን ጀሪካን የጫነውን ጋሪ ራሱ እየገፋ፣ ላቡ ጠብ እያለ፣ በገበያው መሃል አልፎ ሐጂ ሙዘሚል ሱቅ በር ላይ አቆመ። ገበያተኛው ሁሉ ዞሮ አየው።

«ሐጂ፣ ይህን መልሰው በገዛሁበት ዋጋ ይሽጡልኝ» አለ። «እኔ ቤት የሚበቃኝ አለ።»

ሐጂ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «መኪኖቹ መጡ እንዴ?»

«አልመጡም። መቼ እንደሚመጡም እቅጩን አላውቅም። የማውቀው አንድ ነገር ነው፤ ባለፈው ቅዳሜ እንዳትሻሙ ብዬ መጀመሪያ የተሻማሁት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሽንኩርት ነጋዴዋ ከተቀመጠችበት፣ «እሰይ! አቶ ጓንጉል ዛሬ ገና ተናገሩ!» ስትል ገበያው በሳቅ አውካካ። ሐጂም ሳቁ። «አላህ ይስጥዎ» አሉ። «እኔም ያን ጓዳ እየጠበቅሁ እንቅልፌን አጥቼ ነው የከረምኩት።» ጓዳውን ከፈቱና ለአንድ ቤት አንድ ሊትር፣ በዱሮው ዋጋ ብለው አስነገሩ። ሽንኩርት ነጋዴዋ እንኳ የደበቀችውን አምጥታ ለጎረቤቶቿ አካፈለች፤ ስታመጣ ግን እያጉረመረመች ነበር።

የመጀመሪያው ሊትር ለይታይሽ ተሰጠ። ቀትር ሳይሆን ከሰሏ ተያያዘ። ተራ ጠባቂዋ ዕቃዋን ይዛ መጥታ ቆማ ነበር። ይታይሽ መጀመሪያ የወጣውን ሳምቡሳ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻትና «ብይ እህቴ፣ ያንቺም ቀን ይመጣል» አለቻት። ሴትየዋ እዚያው ቆማ በላች።

ትንሽ ቆይቶ አቶ ጓንጉል መጣ። እጁ ጋሪ በመግፋት ተልጦ ነበር።

«እግዜር ይስጥሽ ይታይሽ» አለ። «ሰው ከኋላዬ የሚያየውን አንቺ ቤቴ ድረስ መጥተሽ አሳየሽኝ። ባትመጪ ኖሮ እስከ ዕለተ ሞቴ ሕዝቡን ስሰድብ እኖር ነበር።»

«ኧረ እኔ ምን አደረግሁ? ዓይኔ ነው ያሳጣኝ!» አለች እየሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ ነኝ እንጂ የማመሰግነው። ይኸው እሳቴ ነደደ፣ ልጆቼ ዛሬ ይበላሉ። እርስዎንም፣ ወይዘሮ ጥሩአየሁንም፣ ሐጂንም እግዜር ያክብርልኝ።»

መኪኖቹስ? በሳምንት ይመጣሉ የተባሉት መኪኖች ከወር በላይ ቆይተው መጡ። የአቶ ጓንጉል ትንታኔ ጭራሽ አልሰመረም! ግን ከዚያች ቅዳሜ ወዲያ በዚያ ከተማ በዘይት እጦት የጠፋ እሳት አልነበረም። ወጡ ቀጥኖ ይሆናል፣ ሳምቡሳውም አንሶ ይሆናል፤ ሰው ግን ያለውን ተካፍሎ ከረመ።

ከዚህ የምንማረው ይህን ነው። የገበያን ወሬ የሚሠራው ዶላርና ቀረጥ ብቻ አይደለም፤ እያንዳንዳችን ጭነን ወደ ቤት የምናስገባውም ይሠራዋል። የምንናገረውን ሰው ይሰማል፣ የሚከተለው ግን የምናደርገውን ነው። ፍርሃት ከአንድ ቤት ተነስቶ ከተማ እንደሚያዳርስ ሁሉ፣ መተማመንም ከአንድ ቤት ይነሳል። አንድ ሰው ብቻ ይጀምረው።

እኔ በበኩሌ ይህን ታሪክ ባሰብሁ ቁጥር አመስጋኝ እሆናለሁ። ዜናው በከፋ ሰሞን ሁለት መውሰድ እየቻለ አንድ ብቻ ወስዶ ከሱቅ የወጣ ሰው አለ። ከኋላው ተሰልፌ የነበርኩት እኔ ነኝ። ስሙን አላውቀውም፤ ውለታ እንደዋለልኝም እሱ አያውቅም። የዚያን ቀን ልጆቼ የበሉት ግን እሱ የተወውን ነው። ባለበት ሰላም ይሁንልኝ።

እርስዎስ? ዛሬ ማዕድዎ ላይ ከቀረበው ውስጥ፣ የማያውቁት ሰው ትቶልዎ ያለፈው የትኛው ይሆን?