ባዶ ቃሬዛ ያለፈበት መንገድ

አላህ እግራችንን በቀናው መንገድ ላይ ያጽናልን። ዛሬ የማወጋችሁ የአንድ ደግ አዛውንት ነገር ነው። ዘመኑ ሩቅ ነው። የከተማዋን ስም አብረው ያወረሱን የሉም፤ ነገሩን ግን አውርሰውናል፣ እሱ ይበቃናል።

ከተማዋ ተራራ ጎን ላይ የተለጠፈች፣ ቤቶቿ በድንጋይ የተካቡ፣ መንገዶቿም ጠባብና ጠማማ የሆኑ የጥንት የሙስሊሞች ከተማ ነበረች። እንዲህ ባለ ከተማ ጎረቤትና ጎረቤት የሚጣላው አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ነው። አንዱ አጥሩን ክንድ ያህል ወጣ ያደርጋል። ሌላው የጣሪያውን አሸንዳ ወደ አላፊ አግዳሚው ያዞራል። አንዱ ደግሞ ከመንገዱ ላይ ንጣፍ ድንጋይ ነቅሎ ለበሩ ደፍ ያደርገዋል፤ ቢጠይቁት «ዝናብ ነው የወሰደው» ይላል።

ስለዚህ ከተማዋ የመንገድ ደንብ ነበራት። ወረቀት ላይ አልሰፈረም፤ ነገር ግን ትንሽ ትልቁ ያውቀዋል። አሸንዳ ወደ መንገድ አይፈስም። ድንጋይ የነቀለ ሰው ክረምት ሳይገባ ይመልሳል። የገበያው መንገድ የሁሉም ነው፣ ማንም አይነካውም። በአንድ ሰው ይዞታ ውስጥ የሚያልፈውን የግል መንገድ ግን ባለቤቱ ማጥበብ ይችላል። ግን እስከ ምን ድረስ? ቃሬዛ እስከሚያልፍ ድረስ።

መለኪያውም ይኸው ቃሬዛ ነበር። አዲስ ግንብ የቆመ እንደሆነ ጭቃው ሳይደርቅ ቃሬዛው ከመስጊድ ይወጣል። አራት ጎልማሶች በትከሻቸው ያነሱትና በመንገዱ ያልፋሉ። ካለፉ ግንቡ ይጸናል፣ ካላለፉ ይፈርሳል። ለምን በቃሬዛ ብትሉ፣ ጭነት ቢሆን ተራግፎ ያልፋል፤ ሙሽራም ብትሆን ዞራ ትገባለች። የሟች ጀናዛ ግን ከቤቱ በራፍ ወጥቶ መሄድ አለበት፣ ጠብቁኝ አይል፣ ዞሬ ልምጣ አይል።

የዚህ ደንብ ጠባቂ ሐጂ ሙስባህ ይባሉ ነበር። የቆዳ ነጋዴ ናቸው። ሰው ያምናቸው የነበረው በአንደበታቸው ብዛት አይደለም፤ ዝምተኛ ነበሩ። አንድ ጊዜ የአማቻቸው ግንብ ቃሬዛውን ነክቶ ተገኘ። ሐጂ «ይፍረስ» አሉ፣ ፈረሰ። አማቻቸው ረመዷን ገብቶ እስኪወጣ አኩርፏቸው ከረመ። ከዚያ ወዲያ ማንም ሰው ሐጂ ያዳላሉ ብሎ አያውቅም።

በዚያች ከተማ ቁርኣን ሊማሩ ከሩቅ አገር የሚመጡ ተማሪዎች፣ ደረሳዎች፣ ነበሩ። ማደሪያቸው የመስጊዱ በረንዳ ነው። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ በጎን እየገባ ኪታባቸውን ያበሰብሰዋል። ሐጂ ይህን እያዩ ልባቸው ይደማ ነበርና፣ በግቢያቸው ጫፍ ላይ ቤት ሠርተው ለአላህ ተሰጥቶ የማይመለስ ወቅፍ ሊያደርጉላቸው አስበው ነየቱ። ግንበኛው ኸድር ተጠራ። አፈኛ፣ ግን እጁ የተባረከ ሰው ነበር። ለክተው ሲያዩት ቦታው ጠበበ። ስለዚህ ግንቡ በግቢው ዳር ወደሚያልፈው መንገድ፣ ልክ መታጠፊያው ላይ፣ ትንሽ ወጣ እንዲል ተደረገ።

መንገዱ የሐጂ ነው፤ መሬቱ የአባታቸው ነበር። የሚያልፍበትም አንድ ቤት ብቻ ነው፣ የእመት ጦይባ ቤት። እመት ጦይባ ባላቸው አደም ሞቶባቸው ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ሌላ መውጫ የላቸውም። ከቤታቸው ጀርባ ገደል ነው።

ግንቡ ቆመ። ጥላ ሲረዝም፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ቃሬዛው መጣ። አራቱ ጎልማሶች አነሱት፣ ከእመት ጦይባ በራፍ ተነስተው ወረዱ፣ መታጠፊያው ላይ ትንሽ ተንገዳገዱና አለፉ። ሰዉ «ማሻአላህ!» አለ።

እመት ጦይባ ከዘራቸውን ተደግፈው በራቸው ላይ ቆመዋል።

«ሐጂ፣ አለፈ እንዴ?»

«አልፏል እህቴ፣ አልሐምዱሊላህ።»

«ማን ሞቶ ነው ያለፈው?»

ሰዉ ሳቀ። ሐጂ ግን አልሳቁም። «ማንም አልሞተም፤ ባዶ ነው» አሉ።

«እኔም እሱን ነው የምለው። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ በጎኑ አዘንብለውት ነው ያለፉት፣ ዓይኔ ገና አልጠፋም። እኔንስ በጎኔ ልታዘነብሉኝ ነው? ወይስ ከነከፈኔ ተነስቼ እስከ መታጠፊያው በእግሬ ልውረድላችሁ?»

ኸድር ጣልቃ ገባ። «እመት ጦይባ፣ እርስዎ እንደሆነ ቀጭን ነዎት፣ እንደ ከዘራዎ ይዘን እናወጣዎታለን!»

«አንተ ግን በዚህ በኩል እንዳትሞት። ሬሳህ እንኳ ቢያልፍ አፍህ አያልፍም።»

ሳቁ ሲበርድ ሐጂ እንዲህ አሉ፦ «እህቴ ጦይባ፣ ግንቡ የእኔ ነው። በራሴ ጉዳይ እኔ አልፈርድም። ነገ ቃዲው ዘንድ እንሂድ።»

ሄዱ። ቃዲው የሁለቱንም ቃል ሰሙ። ከዚያም «ከአያቶቻችን ጀምሮ የሚለካው በባዶ ቃሬዛ ነው። ቃሬዛው አልፏል። መሬቱ የሐጂ ነው፣ ቤቱም ለቁርኣን ነው። ግንቡ ይጸናል» ብለው ፈረዱ። እመት ጦይባም፦ «ይሁን እንግዲህ። እኔ ከፈኔን ሰፍቼ ሳጥኔ ውስጥ አስቀምጫለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ በወግ ከቤቴ ልውጣ ብዬ ነበር» አሉና ከዘራቸውን እየተደገፉ ወጡ።

ሐጂ ረትተው ወደ ቤታቸው ተመለሱ፤ ግን ደስታ አልተሰማቸውም። ጀምበር ስትጠልቅ መግሪብ ሰግደው መስገጃቸው ላይ እንደተቀመጡ ነፍሳቸው ታግባባቸው ጀመር። «ለራስህ መች ሠራኸው? ለአላህ ቤት ልጆች ነው። ቃዲውም ፈርዷል። ደመናው እየከበደ ነው፣ ልጆቹ ሊበሰብሱ ነው» ትላቸዋለች። የምትለው ሁሉ እውነት ነው። ሐጂን ያስፈራቸውም ይኸው ነበር። ነፍስ በመጥፎ ነገር ስትመጣ ሰው ያውቃታል። ቁርኣን ይዛ ስትመጣ ግን ማን በሩን ይዘጋባታል?

ደግሞም አንድ ነገር ትዝ አላቸው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ በስንቱ ጠባብ መታጠፊያ፣ ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን ሲያዘነብሉት አይተዋል። አይተው ምንም ብለው አያውቁም። ባዶ ነበራ! ባዶ እንጨት ቢያዘነብሉት ማን ይቆጣል? እሳቸውም፣ አባታቸውም፣ ቃዲውም፣ ከተማው በሙሉ ሲለካ የኖረው ለእንጨቱ ነበር። በእንጨቱ ላይ ስለሚተኛው ያሰበ አልነበረም።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሐጂ አራቱን ጎልማሶች ጠሩና «ቃሬዛውን አምጡት» አሉ።

«ማን ሞተ?» ብለው ደነገጡ።

«እስካሁን ማንም። አምጡት።»

በእመት ጦይባ በራፍ ላይ አስቀመጡት። ሐጂ ጫማቸውን አወለቁ፣ ቢስሚላህ አሉና ቃሬዛው ላይ በጀርባቸው ተንጋለሉ። ግንቡን ሊለስን የመጣው ኸድር የያዘውን ጭቃ ጣለው።

«አስተግፊሩላህ! ሐጂ፣ በቁም ያለ ሰው እዚህ ላይ ይተኛል እንዴ? ገድ የለውም!»

«ሞት በአላህ እጅ ነው ኸድር፣ በእንጨት ላይ አይደለም። ከትናንት ወዲያ በእሷ መውጫ ቃሬዛውን በጎን ስናዘነብለው ገድ ያለው መስሎህ ነበር? አንሡኝ።»

አነሷቸው። ሐጂ ሰማዩን ብቻ እያዩ ወረዱ። ደመናውን አዩ፣ የገዛ ግንባቸውን ጫፍ አዩ። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ ፊተኞቹ አለፉ፣ ኋለኞቹ ተያዙ። ወደፊት ቢሉ አይሄድም፣ ወደኋላ ቢሉ ሌላ መውጫ የለም። ልማዳቸው ነውና አዘነበሉት። ሐጂ ሊወድቁ ሲሉ የቃሬዛውን ዘንግ ጥርቅም አድርገው ያዙ።

በዚህ ጊዜ «ቁሙ!» አሉ። «እኔ ዘንጉን ያዝኩ። እሷ በምን እጇ ትይዛለች?»

እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣጠፉና «እንደገና» አሉ።

ጎልማሶቹ እንደገና ሞከሩ። የሐጂ ገላ ተንሸራተተ። ያልተለሰነው ድንጋይ ጉንጫቸውን ፋቀው፣ ጥምጣማቸውም ወድቆ ጭቃ ውስጥ ገባ። ከአራቱ አንዱ እንደ ልጅ ማልቀስ ጀመረ። ሐጂ ግን ድምፃቸው አልተለወጠም።

«አውርዱኝ። ኸድር፣ አፍርሰው።»

«ሐጂ፣ ቃዲው እኮ ፈርደውልዎታል! ደግሞ ወቅፍ ነው፣ ለአላህ የተሰጠ ድንጋይ ነው። እንዴት አፈርሰዋለሁ?»

«መንገዱ ቀድሞ የተሰጠ ነው። አባቴ ለባሏ ለአደም ሲሰጠው ‹ለአላህ ብዬ› ብሎ ነው የሰጠው። የአባቴን ሰደቃ ቀምቼ የራሴን ሰደቃ አልሠራበትም።»

ይህን ብለው የመጀመሪያውን ድንጋይ በገዛ እጃቸው አወረዱ። እመት ጦይባ ከበራቸው ሆነው ሲያዩ ቆይተው ቀረብ አሉ። ወድቆ የነበረውን ጥምጣም አንስተው ጭቃውን እያራገፉ፦

«ሐጂ፣ ልጆቹስ? ዝናቡ እኮ መጣ።»

«እኔ ቤት ያድራሉ።»

«የት? ቤትዎ ሁሉ ቆዳ ነው።»

«ቆዳው ይወጣል።»

«ምን አስቸኮለዎ ታዲያ? እኔ እኮ ገና አልሞትም!»

«ኢንሻአላህ አትሞችም። በቁምሽ ሰፍቶ ብታይው አይሻልም?»

ያን ክረምት ደረሳዎቹ በሐጂ የቆዳ ክፍል አደሩ። ቆዳው ደጅ ወጥቶ እርጥበት መታው፣ ብዙውም ተበላሸ። ሐጂ አላማረሩም። ዝናቡ ሲያባራ ቤቱ ወደ ኋላ ተስቦ፣ ከበፊቱ ጠበብ ብሎ ተሠራ። ደረሳዎቹ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ይተኙበት ነበር፤ ኪታባቸው ግን ደርቆ አደረ።

ገና ግንቡ በፈረሰ ሰሞን ወሬው ቃዲው ዘንድ ደርሶ ኖሮ፣ ሐጂን መስጊድ በር ላይ አገኟቸውና «ፍርዴ ጎደለብዎት?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው የቁጣ አልነበረም። ሐጂ የተፋቀ ጉንጫቸውን ዳበስ አድርገው እንዲህ መለሱ፦

«አልጎደለም፣ ቃዲ ሆይ። ግን መንገድ መለካት ያለበት ቆሞ ለሚያየው አይደለም፤ ተኝቶ ለሚያልፍበት ነው።»

 ከተከታዩ ጁሙዓ ጀምሮ በቃዲው ቃል ደንቡ ተለወጠ። ቃሬዛው ባዶውን መውጣቱ ቀረ፤ ግንቡን የሠራው ሰው ራሱ ይተኛበታል ተባለ። ያን ጊዜ የሆነውን ነገር ብታዩ! ገና ቃሬዛው ከመስጊድ ሳይወጣ ግንቡን በራሱ እጅ ወደ ኋላ የመለሰ ስንቱ ነው! ክንድ ሙሉ ወደ መንገድ የወጣ አጥር ሳይቀር በፈቃዱ ገባ።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ነብያችን ሰለላሁ ዐለይሂ ወሰለም ከመንገድ ላይ ሰውን የሚያስቸግር ነገር ማንሳትን ከኢማን ክፍል እንደቆጠሩት ከኡስታዞቻችን ሰምተናል። እኛ ግን መንገድ ላይ አሸዋና ጠጠር ደፍተን ወር እናሳድራለን። ቦይ ቆፍረን ሳንከድን እንሄዳለን። አጥራችንን ስናድስ ጣት ጣት እያልን እንወጣለን። ሰው ሲናገረን «ያሳልፋል እኮ» እንላለን። አዎ፣ ያሳልፋል፤ ጤነኛውን፣ ባዶ እጁን የሆነውን፣ በቀን የሚሄደውን ያሳልፋል። ዓይነ ስውሩንስ? ምጥ የያዛትንስ? የሰውን ሐቅ የምንለካው ሁልጊዜ በባዶ ቃሬዛ ነው። ባዶ ቃሬዛ ደግሞ በየትም ያልፋል።

ከሁሉ የከበደኝ ግን የሐጂ ግንብ የኸይር ሥራ መሆኑ ነው። ሌባ በሰረቀው መሬት ላይ የሠራውን ግንብ ቢያፈርስ አይገርምም። ለአላህ ብሎ የሠራውን ለአላህ ብሎ ማፍረስ ግን ልብ ይጠይቃል። መስጊድም እንሥራ፣ መድረሳም እንሥራ፤ ግን የአንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመን አይሁን።

አላህ ሐጂ ሙስባህንም እመት ጦይባንም ይማራቸው፣ ቀብራቸውን ያስፋላቸው። እኛም የጎረቤታችንን መውጫ ከማጥበባችን በፊት አንድ ጊዜ ጋደም ብለን ሰማዩን እንይ።