ሬሳ የሌለበት ድንኳን

አንድ አባት ነበረ። የሰፈሩን የእድር ድንኳን በግቢው የሚያስቀምጥ፣ ሰው ሲሞት አውጥቶ የሚተክል ሰው ነው። አንተ «ማንም ሳይሞት መንገዱ አደጋ አለው ብለን ብንጮህ ማን ይሰማናል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። የእሱም ጥያቄ ይኸው ነበር።

የሰፈሩ መንገድ ለብዙ ዓመት ጭቃ ነበር። ነዋሪዎቹ ደጅ ጠንተው አስፋልት ተሠራላቸው፤ በሬ አርደው መረቁት። ብዙም ሳይቆይ ግን ዋናው መንገድ በተጨናነቀ ቁጥር የአሸዋ ገልባጭ መኪኖች በእነሱ ሰፈር ማቋረጥ ጀመሩ። የእግረኛ መንገድ አልተሠራም፤ ፍጥነት መቀነሻ ጉብታም አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ያለው ደግሞ ከአስፋልቱ ማዶ ነው።

አንድ ጠዋት ገልባጭ መኪና የዚህን ሰው ልጅ ቦርሳ ከጀርባዋ መንጭቆ ወሰደው። ልጅቷ ምንም አልሆነችም። አባትየው መንገድ የሚሠራው ቢሮ ሄደ። ኃላፊው በትሕትና አነጋገረው።

«ልጅቷ ተጎድታለች?»

«የለም፣ ተርፋለች።»

«እንኳን ተረፈች። እንግዲህ ጉብታ የሚሠራው በወረፋ ነው። ሰው የሞተበት መንገድ ይቀድማል።»

ኃላፊው አልዋሸም። ሰው የሞተባቸው መንገዶች ብዙ ነበሩ።

ሰውዬው በእድሩ ስብሰባ ላይ ተነሥቶ «መንገዱ ላይ ድንኳን እንትከል» አለ። የለቅሶ ድንኳን ሲያይ የቸኮለ ሹፌር እንኳ ሳያጉረመርም እንደሚዞር ያውቃል። የእድሩ ዳኛ ተቆጣ።

«ሬሳ ሳይኖር? ይኼ እኮ ሟርት ነው! ድንኳን ካማረህ ሙትልን፤ ያኔ እኛው እንተክልልሃለን።»

ተሰብሳቢው ሳቀ።

በማግስቱ ተማሪ ከመውጣቱ በፊት ሰውዬውና ሚስቱ ድንኳኑን ጎትተው አስፋልቱ መካከል ተከሉት። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። ወንዶች ወደ ሥራ መሄዱን ትተው፣ አካፋና ዶማ ይዘው ለቀብር መጡ። ማን እንደሞተ ያወቀ የለም፤ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል። አንዲት ጎረቤት ደግሞ ሳትጠይቅ ንፍሮ ቀቅላ አመጣች። ገልባጮቹ እየመጡ ዞሩ። አንድ ሹፌር ግን መኪናውን አቁሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ገባ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ማን ነው ያረፈው፣ አባቴ?»

«ገና ነው።»

«ምኑ ነው ገና?»

«ሬሳው። ከእናንተ ነው የምንጠብቀው።»

ሹፌሩ «በለቅሶ ይቀለዳል እንዴ!» ብሎ ወጣ። ኮፍያውን ግን መኪናው እስኪደርስ ድረስ አላጠለቀም።

ረፋዱ ላይ ኃላፊው መጣ። በዚያ አመልካች ሰፈር መንገድ ላይ ድንኳን መተከሉን ሲሰማ ልጅቷ የሞተች መስሎት ነበር። ገብቶ ከሰውዬው አጠገብ ተቀመጠ።

«ያን ቀን ሰምቼህ ቢሆን ኖሮ» አለ።

«እንግዲያው ያን ቀን ዛሬ አድርገው» አለ አባትየው። «ልጅቷ ያቻትልህ፣ ከጓደኞቿ ጋር ንፍሮ ትበላለች።»

ኃላፊው ዞሮ አያት። ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ አልሆነለትም። «የቢሮው ሲሚንቶና ሠራተኛ ወረፋ አለው» አለ። «ፈቃድ ግን ወረፋ የለውም። ራሳችሁ ትሠሩታላችሁ? የሚለካላችሁ ባለሙያ ዛሬውኑ እልካለሁ።»

ዳኛው ድንኳኑን ሊያስነቅል መጥቶ ይህን ሰማ። ዙሪያውን ቢያይ የእድሩ ወንዶች በሙሉ አካፋቸውን እንደያዙ ቆመዋል። መቃብር ሊቆፍሩ የመጡ ናቸው። «በሉ እንግዲህ፣ ባዶ እጃችሁን አትመለሱ» አላቸው። ሰዎቹ ለእድሩ ቤት መሥሪያ የተጠራቀመውን ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸከሙ፤ ባለሙያው የለካላቸው ቦታ ላይ ጉብታውን ሠሩ። እድሩ ሰውዬውን ከድንኳን ጠባቂነት አንሥቶታል፤ ሟርተኛ የሚሉትም እስከ ዛሬ አሉ። ልጅቷ አሁን ከፍ ካለ ክፍል ደርሳለች።

እንግዲህ ልጄ፣ ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሬሳ ሳያይ ማዘን የማይችል ሰው ነበር። በእሱ አትፍረድ፤ የሰፈሩም ሰው እንደዚያው ነበር፣ አንተና ጎረቤቶችህም እንደዚያው ናችሁ። ጎረቤት ሲሞት ሥራውን ጥሎ፣ አካፋ ይዞ የማይወጣ ከመካከላችሁ የለም። ስለ መንገዱ በጠራኸው ስብሰባ ላይ ግን ስንት ሰው መጣልህ? ማስረጃ አጣሁ ብለህ ወደ እኔ መጣህ። ማስረጃው በየጠዋቱ ቦርሳ አንግቶ አስፋልቱን ይሻገራል። የጠፋው ለቀስተኛው ነው። ሂድ፣ ጎረቤቶችህን ቀስቅስና፣ በሕይወት ላለ ሰው ለቅሶ ድረሱ።