ወፍ ያልመጣበት ቀን

አንድ ፎቶ አንሺ ነበር፤ መክብብ ይባላል። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ ሰው በርጩማ ላይ እያስቀመጠ "አገጭ ቀና፣ ትከሻ ዝቅ፣ ዓይን እንዳይጨፈን" ሲል የኖረ ሰው ነው። በከተማው ለመታወቂያም ሆነ ለሠርግ እሱ ፊት ያልተቀመጠ ሰው አይገኝም። ታዲያ ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ሲቀረው አንዲት ትንሽ ቢጫ ወፍ መጥታ ከፎቶ ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አረፈች። ካሜራውን ይዞ ሮጠ። ወፏ አገጯን ቀና አላደረገችም፣ ትከሻዋንም ዝቅ አላደረገችም፤ ብር ብላ ሄደች። ፎቶው ላይ የቀረው የተንቀጠቀጠ ክንፍ ብቻ ነበር። መክብብ ግን ያንን ክንፍ አይቶ በደስታ ሊዘል ምንም አልቀረው። ለካስ ዕድሜ ልኩን ሲያነሳ የኖረው ዝም ብሎ የሚቀመጥ ነገር ብቻ ነው!

ከዚያ ወዲያ ማን ይያዘው! ፎቶ ቤቱን ለእህቱ ልጅ አስረከበ፤ ረጅም ሌንስ ያለው ካሜራ ገዛ፤ "ቀሪ ዕድሜዬን ዛፍና ወፍ ባለበት አገር ነው የምኖረው" ብሎ ተነሳ። ሚስቱ ውድነሽ ሳቀችበት እንጂ አልከለከለችውም። አንድ ነገር ብቻ አስረግጣ ነገረችው።

"ስማኝ መክብብ፣ ደንበኛ ፍለጋ አራት ከተማ አዙረኸኛል። አራቴ ዕቃ ጭኛለሁ፣ አራቴ ከለመድኩት ጎረቤት ተለያይቻለሁ። አምስተኛውን እሺ ብያለሁ። ስድስተኛ ግን የለም። ከዚያ ቤት የምወጣው በሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ አጥርተህ ምረጥ።"

ይህ ቃል ከበደው። ቢሳሳት ስህተቱ የእሱ ብቻ አይደለም፤ እሷንም ይዟት ይቀራል። እናም ነገሩን በሚያውቀው መንገድ ያዘው። ድሮ ፎቶ ቤት ከመክፈቱ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ ነበር፦ ብርሃኑ እንዴት ነው? ጀርባው ምን ይመስላል? በቀን ስንት ሰው ይገባል? አሁንም እነዚህኑ ሦስት ጥያቄዎች፣ ሰው የሚለውን በወፍ ለውጦ፣ በደብተር ጽፎ መንገድ ጀመረ።

በኅዳር ደብረ ሊባኖስ አካባቢ ከገደሉ አፋፍ ሁለት ቀን ሰነበተና አሥራ ዘጠኝ ዓይነት ወፍ ቆጠረ። በታኅሣሥ ባሌ ወጥቶ ዲንሾ ላይ ሃያ ስድስት አገኘ። በጥር ዝዋይ ሐይቅ ወረደ። እዚያስ ጉድ ፈላ! ከሩቅ አገር ብርዱን ሸሽተው የመጡት እንግዶች ከአገሬው ወፍ ጋር ተደባልቀው ውሃውን ሸፍነውታል። ዳክዬው ይንጫጫል፣ ዓሣ በል ንስሩ ከግራር ላይ ይጮኻል፣ አባ ኮዳው ከዓሣ አጥማጆቹ እግር ሥር ይንጎማለላል። መክብብ ከንጋት እስከ ምሳ ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሲያነሳ ዋለ። ሃምሳ ሰባት ዓይነት! ማታ ለውድነሽ ስልክ ደውሎ "አገኘሁት! ገነት ነው የምልሽ!" ብሎ ጮኸ።

ቤት ሲያፈላልግ ግንቦት ደረሰ። በመጨረሻ ከሐይቁ ፊት ለፊት የሚሸጥ ቤት ተገኘ። ባለቤቱም ስልክ ደውሎ "ሌላ ፈላጊ አለ፤ እስከ ሰኞ ቁርጡን ንገረኝ" አለው። መክብብ እዚያው በስልክ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ውድነሽ እጁን ያዘችው። "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። መጀመሪያ እኔም ልየው" አለች። ቅዳሜ ማልደው አብረው ወረዱ።

ያን ቀን ሐይቁ ሌላ ሐይቅ ሆኖ ጠበቃቸው። ነፋስ ተነስቶ ውሃው ደፍርሷል፤ የሩቅ እንግዶቹ ካገራቸው ከገቡ ወር አልፏቸዋል፤ የአገሬው ወፍም ከነፋሱ ሸሽቶ ቄጠማው ውስጥ ተደብቋል። ሁለቱ ቡልቶ በሚባል ሽማግሌ ጀልባ ላይ ተቀምጠው ጥቂት ከተጓዙ በኋላ ወደ ዳር ተመለሱ። መክብብ ሌንሱን ይከፍታል፣ ይዘጋል፣ ሰዓቱን ያያል፣ ያጉረመርማል። ውድነሽ አባ ኮዳዎቹን አሳየችው።

"እነሱማ ሁልጊዜ አሉ!" አላት ተቆጥቶ።

"እኛስ ሁልጊዜ ልንኖርበት አይደል የመጣነው?" አለች።

ቡልቶ መረቡን ሲያወጣ ባዶውን መጣለት። ሽማግሌው ግን እያንጎራጎረ መረቡን ያራግፋል። መክብብ ገርሞት "ምንም ሳይዙ እንዴት ደስ ይልዎታል?" ሲል ጠየቀው።

"ጋሼ፣ ዓሣውንማ ገበያም አገኘዋለሁ" አለ ቡልቶ። "እኔ የምወደው ውሃውን ነው። ልጆቼ ከተማ ወስደውኝ ነበር፤ አንድ ወር አልሞላኝም፣ ተመለስኩ። ባዶ መረብ ይዤ ደስ ብሎኝ የምገባበት ቦታ ይኸ ብቻ ነው። እርስዎ ግን ከመጡ ጀምሮ ፊትዎ አልተፈታም።"

ውድነሽ በቀስታ ቀጠለች። "ወፉን እኮ ደንበኛ አደረግኸው፣ መክብብ። አልመጣም ብለህ ታኮርፈዋለህ።"

ይህች ቃል ከልቡ ገባች። እውነቷን ነው! ለፎቶ ቤት ሰው ደንበኛ ያልገባበት ቀን የሞተ ቀን ነው። ሠላሳ ስምንት ዓመት የተማረው ይህንኑ ነው። ሃምሳ ሰባት ብሎ የጻፈው የወፎቹን ቁጥር እንጂ የእሱን ደስታ አልነበረም። አፈረ። ካፈረም በኋላ ድንገት ሳቀ፤ ሳቁ ሚስቱንም ሽማግሌውንም ያዘ። ሰኞ ጠዋት ለቤቱ ባለቤት ደውሎ "ለሌላው ፈላጊ ስጠው" አለው። እንዲያ ያለ ቤት ዳግመኛ እንደማይገኝ ያውቃል።

"በል እንግዲህ፣ ሌሎቹንም በክፉ ቀናቸው እንያቸው" አለችው ውድነሽ። ዝናቡ እስኪበረታ ጠበቁ። በሰኔ መጨረሻ ዲንሾ ወጡ። አገሩስ የሚያምር ነበር፤ ግን ብርዱ ከጉልበታቸው ጋር አልተስማማም፤ ገና ከረፋዱ ሁለቱም ተሸፋፍነው የሚመልሳቸውን መኪና ያማትሩ ጀመር። በሳምንቱ ወደ ደብረ ሊባኖሱ ገደል አፋፍ ሄዱ።

እዚያ ሲደርሱ ጉሙ እንኳን ወፍ እግራቸውንም አላሳያቸውም። ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ተጠልለው ተቀመጡ። ውድነሽ ከቦርሳዋ ቆሎ አወጣች። ከታች፣ ከማይታየው ጥልቅ ውስጥ፣ የፏፏቴ ድምፅ ይመጣል። የጭላዳ ዝንጀሮ ጩኸት ይሰማል፤ አንድ ጋጋኖ የሚባል ወፍም የሆነ ቦታ ላይ "ጋ! ጋ!" ይላል፤ መልኩን ግን ያየው የለም። እርጥቡ ጦስኝ ይሸታል።

"ያ ለፓስፖርት መጥቶ አሥር ጊዜ ያስነጠሰው ሰውዬ ትዝ ይልሃል?" አለች ውድነሽ።

"አሥራ አንድ ጊዜ! በመጨረሻ እኔም አብሬው አስነጠስኩ!" አለ።

ሳቁ። ከዚያ ሌላ ወሬ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። የመጀመሪያዋን ከተማ አነሱ፤ እሷ እዚያ ስንት ጊዜ ብቻዋን እንዳለቀሰች ነገረችው፤ እሱም ይህን እስከዛሬ አለማወቁን ነገራት። አንድ ጊዜ ጉሙ እንደ መጋረጃ ተገለጠና ገደሉ ሁሉ፣ ከአፋፉ እስከ ወንዙ፣ ታጥቦ አረንጓዴ ሆኖ ወለል አለ። አንድም ወፍ አልታየበትም። መክብብ ብድግ ብሎ "እዪ! እዪ! ውድነሽ፣ እዪ!" እያለ ጮኸ። ጉሙ ተመልሶ ሲዘጋ ነው ካሜራውን ከቦርሳው እንኳ አለማውጣቱን ያወቀው።

ሰዓቱን ሲያይ አሥር ተኩል ሆኗል። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነበሩ።

"ዛሬስ ስንት ቆጠርክ?" አለችው ሚስቱ።

"ምንም!" አለ መክብብ። ፊቱ ግን ልክ እንደ ሙሽራ በርቷል።

ውድነሽ ትክ ብላ አየችውና "እንግዲያው እዚህ ነው" አለች።

መስከረም ሲጠባ ዕቃቸውን ጭነው መጡ። ጉንጩ ነጭ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ከውስጥ ቀይ የሚያሳየው አረንጓዴ ወፍ አንዳንድ ጠዋት ከጓሯቸው ዛፍ ላይ ያርፋል። ሲመጣ መክብብ ጫማውን ሳያስር ይሮጣል፤ ሚስቱን ይጠራል፤ አንዳንዴ ከመደሰቱ ብዛት ማንሳቱን ይረሳዋል። ሳይመጣ ሲቀርም ከበራፉ ተቀምጦ ገደሉን ሲያይ ይውላል፤ ያን ቀን አጣሁት ብሎ አያውቅም።

ወዳጆቼ፣ ሰው ቦታን የሚመርጠው ባማረው ቀኑ ነው፤ የሚኖርበት ግን በባዶው ቀን ነው። ያማረው ቀን በዓመት ጥቂት ጊዜ ይመጣል፤ ባዶው ቀን ግን ዕድሜያችን ነው። ሥራም እንዲሁ ነው፣ ወዳጅም፣ ትዳርም። እናንተስ? ልትኖሩበት የመረጣችሁትን ነገር ወፍ ባልመጣበት ቀን አይታችሁታል?