ከካባ ጋር የተቋጠረች ልጅ

አንድ መምህር፣ ታላቁ አንበጣ በወረደበት ዓመት፣ ለአንዲት ከተማ ወጣቶች ሕግ ያስተምር ነበር። በዚያ አገር የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ» ብሎ የነጠላውን ጫፍ ከበዳዩ ልብስ ጋር ከቋጠረ፣ በዳዩ ሹም እንኳ ቢሆን ተቆራኝቶ ዳኛ ፊት መቆም ነበረበት። ሳይፈረድ ቋጠሮውን የሚፈታ ሰው ይቀጣል። ተማሪዎቹ ሁሉ ይህን በቃላቸው ያዙ። ትሁኔ የምትባል የሸማኔ ልጅ ግን ከመያዝ አልፋ አመነችው።

በዚያው ዓመት የከተማው ሹም የሸማኔውን ማሳ ለራሱ ፈለገ። ሸማኔው «የአባቴን መሬት አልለቅም» በማለቱ ያለ ፍርድ ታሰረ። በገበያ ቀንም፣ የገባ ሰው እምብዛም ወደማይመለስበት የበረሃ ወህኒ ሊነዳ ሆነ። ትሁኔ ይህን ስትሰማ ወደ ገበያ ወርዳ ከሹሙ በቅሎ ፊት ቆመች።

«በሕግ አምላክ፣ ጌታዬ። አባቴ ሳይፈረድበት አይሄድም።»

ወታደሮቹ ሊገፏት ሲሉ ሹሙ በእጁ ከለከላቸው። ከበቅሎው ወርዶ የካባውን ጫፍ ራሱ ዘረጋላት።

«ቋጥሪ፣ ልጄ። እኛም ለሕግ እንገዛለን።»

ገበያተኛው እልል አለ። በገበያው የነበረው መምህሯም ኮርቶባት ተከተላቸው። ከችሎቱ በር ሲደርሱ ግን ሹሙ ካባውን ከትከሻው አውልቆ መሬት ላይ ጣለውና ወደ በቅሎው ተመለሰ።

«ጌታዬ፣ ወዴት ነው?» አለችው።

«የቋጠርሽው ካባዬን ነው። እሱን ተሟገቺው።»

አንዲት ቅቤ ነጋዴ «በይ እንግዲህ ልበሺውና ሹመቱን ውረሺ» ብላ ሳቀች፤ ሌሎቹም ሳቁ። ዳኛው ወጥቶ ቋጠሮውን አየና «ተከሳሹ ሲቀርብ ይታያል» ብሎ ገባ።

ትሁኔ ወደ መምህሯ ዞረች። «የኔታ፣ ይህ ሕግ ነው?»

«ሕጉ ስለ ቋጠሮው እንጂ ስለ ወለቀ ካባ አይናገርም። ነጠላሽን ጥለሽ ከሄድሽም ክሱን እንደተውሽ ይቆጠራል» አላት። እያዘነ ነበር የተናገረው፤ ከሕጉ ግን አንዲት ቃል አላጎደለም።

«ታዲያ እርስዎ ለምን ዝም ብለው ያያሉ?»

«እኔ ተከራካሪ አይደለሁም፣ ልጄ።»

ሹሙ በተከፈተለት መንገድ ሄደ። ልጅቱ ከካባው ጋር እንደተቋጠረች ከችሎቱ በር ተቀመጠች። ሊፈታት የደፈረ አልነበረም፤ ሁሉም ሕግ አክባሪ ነበር። አባቷና ሌሎቹ እስረኞች ግን ቀደም ብለው በከተማው ሌላ በር ተነድተው ወጥተዋል።

ለልጆቻችን መብታቸውን ስናስተምር አቋጣጠሩን እናሳያቸዋለን፤ የሚቋጥሩት ጨርቅ መሆኑን ግን አንነግራቸውም። ሹሙ ያመለጠው በብልሃቱ አይደለም፤ ያን ያህል ሰው ቆሞ ሳለ መንገዱን የዘጋ ባለመኖሩ ነው። ሕጉን በቃሉ የሚያውቅ ሕዝብ ሁሉ «እኔ ተከራካሪ አይደለሁም» ካለ፣ ሕጉ አስሮ የሚያስቀረው የተበደለውን ብቻ ነው። አንባቢ ሆይ፣ አንተ በዚያ ገበያ ብትገኝ ከበቅሎው ፊት ትቆም ነበርን?

ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ከዚያ ወህኒ በሕይወት የወጣ አንድ ሽማግሌ ስለ ሸማኔው አጫወተኝ። ሸማኔው ከከተማው ሲነዳ፣ ልጁ ሹሙን ቋጥራ ወደ ችሎት ስትወስደው ከሩቅ አይቶ ኖሯል። እስከ ሞተባት ዕለት ድረስም አብረውት ለታሰሩት «የእኔ ጉዳይ ዳኛ ፊት ነው፤ ሹሙ ራሱ ቀርቧል» ይላቸው ነበር።