አያ ጓንጉል ምርኩዛቸውን ትተው የሄዱ ቀን

እኛ አገር አንድ ሽማግሌ ግድግዳ እየተደገፈ "ልቀቁኝ፣ እኔ ደህና ነኝ!" ሲል ከተሰማ የሚወረወርበት ተረት አለ። ተረቱን ሁሉም ያውቀዋል፤ መነሻውን የሚያውቁት ግን ከአዳምና ከሔዋን ስለሚጀምሩ እስከ መጨረሻው የሚሰማቸው የለም። እኔ ባጭሩ ልንገራችሁ።

አያ ጓንጉል ሰባ አምስት ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። የወንድማቸው ልጅ አንዳርጌ የአያ ጥጋቡን ልጅ ስንዱን ወደደ፤ እሷም ወደደችው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ቢላክ ሁለቱንም ጊዜ አባትየው፣ "የእነሱ ዘር ጉልበቱ አይጸናም፤ ገና በአርባ ዓመታቸው ምርኩዝ ይይዛሉ። ልጄን ለአስታማሚነት አልድርም!" ብለው መለሱ። የቀረው ሦስተኛው ጉዞ ብቻ ነው። እሱም እምቢ ከተባለ ስንዱ ለሌላ ትሰጣለች።

ስለዚህ አያ ጓንጉል ራሳቸው ሽማግሌዎቹን መርተው ሊሄዱ ተነሡ። ምርኩዛቸውን አልጋ ሥር ወረወሩት።

"ኧረ አያ፣ ይያዙት!" አለ አንዳርጌ።

"ዝም በል! አንተ የምትፈልገው ሚስት ነው ወይስ ምርኩዝ?"

ዕለቱ ረቡዕ ስለነበረ እህል አልቀመሱም። ያደረጉት ጫማ የውሰት ነው፤ ይሰፋቸዋል፣ ሶሉም አልቆ ልሙጥ ሆኗል። የአያ ጥጋቡ ቤት ወለል ደግሞ ያን ጠዋት በእበት ተለቅልቆ እርጥብ ቄጠማ ተነስንሶበታል። በዚያ ላይ ልማድ ነውና ልጅ ሊጠይቅ የመጣ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ቆሙ። አያ ጥጋቡ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ቀይ በሬያቸው አወሩ፤ ስለ ቀይ በሬያቸው እናት አወሩ። የአያ ጓንጉል ጉልበት ተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው ጨለመ፤ ዷ! ብለው ከአያ ጥጋቡ እግር ሥር ተዘረሩ።

አብረዋቸው የመጡት ሁለቱ ሽማግሌዎች "በቃ፣ ሠርጉ ቀረ" ብለው ተያዩ። አያ ጓንጉል ግን እንደተጋደሙ፣

"እግርዎ ላይ ወድቄ እለምናለሁ! ልጅዎን ለልጃችን!" አሉ።

አያ ጥጋቡ ደነገጡ። ባለ ሽበት እንዲህ በደረቱ ተኝቶ ለምኗቸው አያውቅም።

"ኧረ በሕግ! ይነሡ፣ ነውር ነው!"

"እሺ ካላሉኝ አልነሣም!"

"እሺ! ሰጥቻለሁ! ይነሡ!"

እዚህ ላይ መነሣት ነበር። አያ ጓንጉል ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ።

"ገና ነው" አሉ። "ሠርጉም ከዳግማይ ትንሣኤ አይለፍ።"

"አይለፍ። ይነሡ።"

"ድግሱም በእናንተ ቤት ይሁን።"

"ይሁን አልኩ! ይነሡ እንጂ!"

በክርናቸው ቢፍጨረጨሩ ቄጠማው አንሸራተታቸው። ሌላ የሚለምኑት ቢያጡ፣ "ያ... ያ ቀዩ በሬም ለሙሽሮቹ ይሁን" አሉ።

"በሬዬን?! ይሄ ልመና ነው ዘረፋ? ራሴ አነሣዎታለሁ!"

አያ ጥጋቡ ጎንበስ አሉ። ወገባቸው ቋ አለ። ጥቂት እንደታጠፉ ቆዩና ቀስ ብለው ከእንግዳው ጎን ተጋደሙ።

"የውብዳር!" ብለው ባለቤታቸውን ጠሩ። "ያንን አምጪው!"

እትዬ የውብዳር ከበሩ ኋላ አንድ ምርኩዝ አወጡ። ብዙ ዓመት ከመያዙ የተነሣ እጀታው እንደ መስተዋት ያበራል።

አያ ጓንጉል አንገታቸውን ቀና አደረጉ። "የማን ነው?"

እትዬ የውብዳር በአገጫቸው ወደ ባላቸው ጠቆሙ።

"እንግዶች ሲመጡ ደብቂው ብሎኝ ነው" አሉ እትዬ የውብዳር።

"አሃ! የእናንተስ ዘር ጉልበቱ እንዴት ነው፣ አያ ጥጋቡ?"

አያ ጥጋቡ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። "ቃሌ ቃል ነው፤ ስንዱን ሰጥቻለሁ። በሬው ግን አይታሰብም።"

ዛሬ ሐኪም "አያ ጓንጉል ለምን ወደቁ?" ተብሎ ቢጠየቅ ጫማውንም ወለሉንም ባዶ ሆዱንም እየቆጠረ ግማሽ ቀን ያወራል። እትዬ የውብዳር ግን ምርኩዙን ይዘው፣ ከሁለቱ ማንን አስቀድመው እንደሚያነሡ እያመነቱ ቆዩና፣ "በምርኩዙ ያፈረ፣ ከመሬት ጋር ተዳረ!" አሉ።