ለእናኑ የሚያጣራ ማሰሮ

ትንሹ ልጅ ይበልጣል የመንደሩን ጉድጓድ ውሃ ጠጥቶ ሞተ።

አባቱ አንዳርጌ ከቀብር ሲመለስ ጉድጓዱን በእሾህ ዘጋው። ከዚያ ወዲህ መንደሩ ከሩቅ ወንዝ እየቀዳ፣ እያፈላ ይጠጣል። አንድ ቀን ማገዶ ጠፋ። የይበልጣል ታናሽ እኅት እናኑ፣ "አባዬ፣ ውሃ" አለች። የፈላ ውሃ አልነበረም።

አንዳርጌ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ወደ እትዬ ደብሬ ሄደ። "ውሃ የሚያጣራ ማሰሮ ይሥሩልኝ።"

"የሚያንጠባጥብ ማሰሮ? ገበያው ይሳቅብኝ? የአሠራሩን ልክ አምጣና ልሥራ፣ ልጄ።"

ከተማ ወዳለው የምርምር ግቢ ሄደ። የመጀመሪያው ክፍል የተገኘን ዕውቀት ዕቃ አድርጎ ያወጣል።

"የአፈሩን ድብልቅ ሳላውቅ ልክ አላወጣም" አለ መሐንዲሱ።

"ልክ ከሌለ እትዬ ደብሬ አይሠሩም፤ ካልሠሩ ማሰሮ የለም፤ ማሰሮ ከሌለ እናኑ አትጠጣም።"

"ቀጣዩን በር አንኳኳ፣ ወንድሜ።"

በቀጣዩ ክፍል ለታወቀ ችግር መላ ይፈለጋል። ተመራማሪዋ ራሷን ነቀነቀች። "አፈር ጀርምን ለምን እንደሚይዝ ሳላውቅ በጭፍን አልደባልቅም።"

"ድብልቅ ከሌለ ልክ የለም፤ ልክ ከሌለ እትዬ ደብሬ አይሠሩም፤ ካልሠሩ ማሰሮ የለም፤ ማሰሮ ከሌለ እናኑ አትጠጣም።"

"አውቃለሁ። ጋሼ ይርዳውን ጠይቃቸው።"

ጋሼ ይርዳው በመጨረሻው ክፍል "ለምን?" እያሉ ያረጁ ሰው ናቸው። ምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቃቸው የለም።

"እስከ ዛሬ ያጠናሁት በቧንቧ ውሃ ነው" አሉ። "ንጹሕ ውሃ ምን ይነግረኛል? የታመመውን የጉድጓድ ውሃ አምጣልኝ።"

"ጉድጓዱ ተዘግቷል።"

"ማን ዘጋው?"

"እኔ።"

ሽማግሌው ባዶ ጠርሙስ አስያዙት።

አንዳርጌ መንደር ተመልሶ ጎረቤቶቹን "ጉድጓዱን ክፈቱልኝ" አላቸው።

"የሐዘን እሾህ የሚያነሣው ያኖረው ነው" አሉት። "እኛ አንነካም።"

እሾሁ ካልተነሣ ውሃ የለም፤ ውሃ ከሌለ 'ለምን' አይታወቅም፤ 'ለምን' ካልታወቀ ድብልቅ የለም፤ ድብልቅ ከሌለ ልክ የለም፤ ልክ ከሌለ እትዬ ደብሬ አይሠሩም፤ ካልሠሩ ማሰሮ የለም፤ ማሰሮ ከሌለ እናኑ አትጠጣም።

አንዳርጌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ብዙ ቆመ። ልጁ እዚያ ተንበርክኮ በእፍኙ ሲጠጣ ታየው። ከዚያ እሾሁን በባዶ እጁ አነሣው።

እሾሁ ሲነሣ ጉድጓዱ ውሃ ሰጠ፤ ውሃው ለጋሼ ይርዳው 'ለምን'ን ገለጠ፤ 'ለምን' ድብልቁን አመጣ፤ ድብልቁ ልኩን አመጣ፤ ልኩ እትዬ ደብሬን አሠራ። በአንድ ጀምበር አይደለም። ብዙ ተሞከረ፣ ብዙ ማሰሮ ተሰበረ። እስከዚያ እናኑ ከጎረቤት በተለመነ ማገዶ ውሃ እየፈላላት ቆየች።

በመጨረሻ ማሰሮው መጣ። ጠብ፣ ጠብ አለ። እናኑ ጠጣችና አፏን ጠረገች።

"ለይበልጣልስ?"

አንዳርጌ ሌላ ኩባያ ቀድቶ አጠገቧ አስቀመጠ። እስክትተኛ ጠበቀ። ከዚያ ኩባያውን አንሥቶ ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ጠጣው።