ለቅሶ የሚያምርበት ቡችላ

ግባ ወንድሜ፣ ጥግ ያዝ፤ የላም በረቱን አልፈን ለቅሶ ቤት ደርሰናል። የዶሮዋ ጫጩት ተገድላ መንደሩ ተሰብስቧል። ከሁሉ አብልጦ የሚያለቅሰው የውሻዋ ልጅ፣ ቡችላው ነው። ደረቱን እየደቃ ሙሾ ሲያወርድ ድንጋይ ያስለቅሳል።

ዶሮዋ የዋህ ናት፤ አንጀቷን በላው።

«እንዳንተ ያዘነልኝ የለም፤ የቀሩትን ልጆቼን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ጠብቅልኝ» አለችው።

እናቱ ይህን ስትሰማ ክው አለች። አባቱም እንዲሁ ነበር፤ ጠግቦ እያለ ይገድልና ለቅሶው ላይ ቀድሞ ይገኛል። ግን ቡችላው ሳይወለድ ነው የሄደው፤ እሷም ስለ እሱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። በፍቅር ካሳደግኩት እኔን ይመስላል ብላ ነበር።

ወደ አጥሩ ጎተት አድርጋ ወሰደችው።

«ጫጩቷን የገደልካት አንተ ነህ?»

«አዎ» አላት፣ ጅራቱን እየቆላ።

«ርቦህ ነው?»

«ኧረ ጠግቤ ነበር።»

«ይሄን ለቅሶስ ማን አስተማረህ?»

«ማንም። ዝም ብሎ ይመጣልኛል።»

ውሻዋ ተመልሳ ለዶሮዋ ሁሉንም ነገረቻት። ዶሮዋ ጫጩቶቿን ክንፏ ስር ሰበሰበች፤ ለቀስተኛውም ቡችላው ከመንደር ይውጣ ብሎ ፈረደ።

እናቱ መንገድ ድረስ ሸኘችው። እዚያ እንባዋ አመለጣት። ቡችላው ፊቷን አተኩሮ አየና እንዲህ አላት፦

«እማ፣ የምርሽን ነው? የት ጋ ነው የሚያምሽ?»